ቀይዋ ነጥብ

እናቴ ቁጭ ብላ ስትበላ አይቼ አላውቅም። ምድጃው አጠገብ ቆማ፣ በአንድ እጇ ሳህን በሌላው ማማሰያ ይዛ፣ «ብሉ እንጂ! ምን ታዩኛላችሁ?» እያለች ነው ያሳደገችን። እሷን ይዞ ቅዳሜና እሑድን የሥዕል አውደ ርዕይ ሲዞሩ መዋል ምን እንደሚመስል እንግዲህ መገመት አያቅትም።

እኔ ጫማ ሻጭ ነኝ። ስለ ሥዕል አስተያየት ስጪ ብባል አፌን ነው የምይዘው፤ ሰው ሳይም ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው እግሩ ላይ ነው። ከሥዕል ጋር ያነካካችኝ ታናሽ እህቴ ናት። ሠላሳ ልትደፍን ምንም አልቀራት፣ እቤት ግን አሁንም ጩጬ ነው የምንላት። ትምህርቷን ከጨረሰች ጀምሮ ጓዳ ዘግታ ትሥላለች። ቀለሙ ልብሷ ላይ፣ የበር እጀታ ላይ፣ አንዳንዴም የእኔ ፎጣ ላይ ይገኛል። ሥዕል የገዛት ሰው ግን እስካሁን የለም።

ዘንድሮ የእማዬ ትዕግሥት አለቀ። «ስሚኝ ጩጬ» አለቻት፣ ቆማ ነው ታዲያ። «ይቺ አውደ ርዕይ የመጨረሻሽ ናት። ሥዕልሽን የሚገዛ አንድ ሰው ከተገኘ አፌን እዘጋለሁ፣ እድሜ ልክሽን ሣይ። ካልተገኘ ግን ሰኞ ጠዋት አጎትሽ ቢሮ ትገቢያለሽ።»

አጎታችን የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው፤ ለጩጬ ጠረጴዛ አዘጋጅቶ መጠበቅ ከጀመረ ቆይቷል። የቤቱን ጣሪያ የሚያነሳ ጭቅጭቅ ይነሳል ብዬ ጠበቅኩ። ጩጬ ግን «እሺ» አለች፤ ሌላ ምንም አልጨመረችም። እሷም ደክሟት ነበር መሰለኝ። እሺታዋ ከጭቅጭቁ በላይ አስፈራኝ።

ዓርብ ሥዕሉን ለመስቀል ሄድን። አዳራሹ የድሮ መጋዘን ነው፤ በነጭ የጣውላ ግድግዳ ከፋፍለውት ትንንሽ ክፍሎች ሆኗል። ጩጬና አራት ጓደኞቿ አንዷን ክፍል በጋራ ይዘዋል፣ በየተራ እየተቀመጡ ይሸጣሉ። እኔ መሰላል ስይዝ እማዬ ጎረቤት ክፍሎችን ስታስስ ቆየችና ተመለሰች።

«እዚያ ሥዕል ጎን ካለችው ካርድ ላይ ቀይ ነጥብ ለጥፈዋል። ምንድን ናት?»

«ተሽጧል ማለት ናት» አለች ጩጬ ከመሰላሉ ላይ። «ገዢው እሑድ ሲዘጋ መጥቶ፣ ከፍሎ ይወስደዋል።»

እማዬ ዝም አለች። እማዬ ዝም ስትል መጠርጠር ነበረብኝ።

ቅዳሜ ከሁላችንም ቀድማ ሄደች፤ አውቶቡስ የምትሳፈር ይመስል «ቦታ ልያዝላችሁ» ብላ። ስንደርስ ጀርባዋን ለጩጬ ሥዕል ሰጥታ፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ጨብጣ ቆማለች። እንደዚያው ቆማ የገባውን ሰው ፊት ሁሉ ታነባለች። አንዱ ቆም ሲል ትንፋሿን ትይዛለች፤ ሲያልፍ «ምን ዓይነት ሰው ነው!» ብላ ከኋላው ትገላምጠዋለች።

«እማዬ፣ ሰው እያባረርሽ ነው» አልኳት።

«እኔ ምን አልኩ? ቆሜያለሁ እንጂ።»

እኩለ ቀን አካባቢ ጩጬ ጮኸች። የሆነ ነገር የወደቀባት መስሎኝ ስሮጥ ካርዱን በጣቷ እያሳየች ትዘላለች። ከስሟ ሥር ቀይ ነጥብ አለች። ማን እንደሸጠው ጓደኞቿን ጠየቀች። አንደኛዋ «እኔ አይደለሁም፣ እሱ ይሆናል» አለች፤ እሱ ደግሞ «በእኔ ተራ አይደለም፣ በእሷ ተራ ነው» አለ። እንዲህ ሲቀባበሉት ቆዩና፣ ዋናው መሸጡ ነው ተብሎ ታለፈ። ጩጬ እዚያው ስልኳን አውጥታ አጎታችን ጋ ደወለች። «ይቅርታ አድርግልኝ፣ ሰኞ አልመጣም! ተሸጠልኝ!» እያለች ትስቃለች፣ ታለቅሳለች። እኔም አለቀስኩ። ምን ያስዋሻል፣ ሥዕሉ ስለተሸጠ ሳይሆን እህቴ ስትስቅ ካየኋት ስለቆየሁ ነው።

እማዬ አላለቀሰችም። «እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለሽ» አለችና ክንዴን ያዘችኝ። «ነዪ፣ ሌላም አውደ ርዕይ አለ ብለዋል፣ ከተማው ወዲያኛው ጫፍ። እሱንም እንየው።»

«አሁን? ደስታውን እንኳ ሳናጣጥም?»

«ነዪ አልኩሽ!»

ሁለተኛው አውደ ርዕይ የባሰ ነበር። አንዱ ክፍል ውስጥ የሾርባ ማንኪያዎች በክር ተንጠልጥለዋል፤ ሌላው ውስጥ ጡብ ተከምሯል፤ ሦስተኛው ውስጥ አንድ ሰው በቴሌቪዥን ድንች ይልጣል፣ ልጦ አይጨርስም። እማዬ ማንኪያውንም ጡቡንም አላየችም። በየካርዱ ላይ ጎንበስ እያለች ቀይ ነጥቦቹን ብቻ ታያለች። ታያለች፣ ቀና ትላለች፣ ትራመዳለች። ከኋላዋ ስከተል ተረከዜ ተላጠ፤ በጫማ ንግድ ለምኖር ሴት ይሄ ትልቅ ውርደት ነው። እቤት ስንገባም አላረፈችም። የተጣጠፈ ልብስ ስትፈታ፣ የፈታችውን መልሳ ስታጥፍ አመሸች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሴትዮዋ መጣች። መጀመሪያ ያየሁት ጫማዋን ነው፤ ቡናማ፣ ጠፍጣፋ፣ ሶሉ ተቀይሮ የታደሰ። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ዕቃ ሲወድ አይጥልም፤ ደንበኛዬ ብትሆን ደስ ይለኛል ብዬ አሰብኩ። የጩጬ ሥዕል ፊት ቆመች። ሄደች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ቆመች። በመጨረሻ ወደ ካርዱ ጎንበስ አለችና ፊቷ ጥቁር አለ።

«ተሽጧል ለካ!»

«አዎ፣ ይቅርታ» አለች ጩጬ እየፈነደቀች።

«ልወስደው ቆርጬ ነበር። ካልሆነ ምን ይደረጋል፣ ወዲያኛውን አውደ ርዕይ ልየው እንግዲህ» ብላ ወጣች።

እማዬን ዞር ብዬ ሳያት ፊቷ አመድ መስሏል። ያን ጊዜ ወደ ካርዱ ቀረብኩ። ነጥቧ ከጎረቤቶቹ ነጥብ ሰፋ ትላለች። ደግሞም አውቃታለሁ። በየቀኑ ከእጄ የማትጠፋ ናት፤ ቅናሽ ያደረግኩባቸው ጫማዎች ሶል ላይ የምለጥፋት የራሴ ነጥብ ናት።

«እማዬ!»

«ዝም በይ። ሴትዮዋን እንያዛት።»

ታክሲ ውስጥ እጆቿን ታፋትጋለች፤ ሹፌሩን «ፍጠን እንጂ ልጄ!» ትለዋለች፣ መብራት ሲይዘን መስኮቱን ትደበድባለች። እኔ ደግሞ በንዴት ጮህኩባት።

«ምን ነካሽ? ውሉን ያወጣሽውም አንቺ፣ ያፈረስሽውም አንቺ?»

«ያቺን እሺታዋን አልሰማሽም? እንደዚያ ስትል አንጀቴ ተላወሰ። እንግዲህ ምን ላድርግ?»

«ውሉን ተይው ማለት ነበራ!»

«እሱ አልመጣልኝም» አለች፤ እውነቷን ነው። እናቴ ከተናገረችው ቃል ወደኋላ መመለስ አታውቅም። አትቀመጥም፣ አትመለስም።

አዳራሹ በሰው ተጨናንቋል። ፊት እያዩ ሰው መፈለግ አይሆንልኝም፤ አንገቴን ደፍቼ እግር እግሩን እያየሁ ሄድኩ። ስፖርት ጫማ፣ ታኮ፣ የማይመች ሹል ጫማ። ቡናማው ጫማ የተገኘው ማንኪያዎቹ ያሉበት ክፍል ደጃፍ ላይ ነው። ሴትዮዋ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ጉልበቷ ላይ በወረቀት የተጠቀለለ ሥዕል አለ።

እማዬ ሰላምታ እንኳ አላስቀደመች። «ያ ሥዕል አልተሸጠም! ስህተት ነው፣ ይምጡና ይውሰዱት።»

ሴትዮዋ የተጠቀለለውን በእጇ ዳሰሰችው። «አይ! አሁን ይሄን ገዛሁ። ከዚህ በላይ አልችልም።» ከዚያ እማዬን ቀና ብላ አየቻት። «እርስዎ ማን ነዎት?»

«የሠዓሊዋ እናት ነኝ።»

«እንግዲያማ ይንገሩኝ፤ ዛሬ ብቻ ባየውም ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። ያቺ ወንበር የማን ናት?»

«የቷ ወንበር?» አለች እማዬ።

ሴትዮዋ መልስ ጠበቀች። እማዬ ወደ እኔ ዞረች፣ እኔ ደግሞ ጫማዬን አየሁ። አላፈርኩም ብል ውሸት ነው፤ መሰላሉን ስይዝ ሥዕሉ መጣመሙን እንጂ ምን እንዳለበት አላየሁም ነበር።

ስንመለስ ሰው ሳስቷል። ጩጬ ገዢዋን እየጠበቀች በር በሩን ታያለች። እማዬ ሄዳ ከፊቷ ቆመች፣ እንደተለመደው ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ።

«የሚመጣ ሰው የለም። እኔ ነኝ የለጠፍኳት። ከእህትሽ ሱቅ አምጥቼ።»

ጩጬ መጀመሪያ የሳቀች መሰለኝ። «የቅናሽ ምልክት?»

«እኔ ምን አውቄ! ቀይ ናት ብዬ ነው።»

«መቼ ነው የለጠፍሽው?»

«ቅዳሜ ጠዋት።»

«ጠዋት መቼ?»

እማዬ ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረች። «በሩ ለሰው ሳይከፈት።»

«አንድ ሰው እስኪያየው እንኳ አልጠበቅሽም!» አለች ጩጬ። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለን ነበር። «የሚፈልገው ሰው እንደሌለ ያኔውኑ ቆርጠሽ ጨርሰሽ ነበር።»

«አሳዝነሽኝ እኮ ነው ልጄ።»

«አውቃለሁ። የሚያመኝም እሱ ነው።» ዓይኗን በመዳፏ ጠረገችና ቀጠለች። «እስቲ ሳትዞሪ ንገሪኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ከኋላሽ ያለው ምንድን ነው የተሣለበት?»

እማዬ ከንፈሯን ነከሰች። «ወንበር አለበት» አለች በመጨረሻ፤ «ሴትዮዋ ነገረችኝ።»

ከዚያ ዞረች። እኔም አብሬ አየሁ። የእኛ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ነው፤ ጥጉ ላይ በእኔ ቢላ የተጫረው ጭረት ሳይቀር አለ። ሁለት ሳህን በግማሽ ተበልቶ ተቀምጧል፣ ሁለት ወንበሮች ሰው አሁን የተነሳባቸው ይመስላሉ። ሦስተኛዋ ወንበር ወደ ውጭ ተስባ ትጠብቃለች፤ ትራሷ አንድም ቀን ሰው ያላረፈበት፣ ከሱቅ እንደመጣ ድፍን ያለ ነው። ምድጃው ጠርዝ ላይ ደግሞ ብቻውን አንድ ሳህን አለ።

«ይቺ የእኔ ወንበር ናት?» አለች እማዬ።

«ናት።»

«እኔስ? እኔ ታዲያ የታለሁ?»

«አንቺን ልሥል ነበር የጀመርኩት» አለች ጩጬ። «ስጠብቅሽ ስጠብቅሽ ከረምኩ። መቼ ተቀመጥሽልኝ?»

ጩጬ ካርዱ ላይ ያለችውን ነጥብ በጥፍሯ ላጠቻትና እጄ ላይ ለጠፈችልኝ። «ዕቃሽን ውሰጂ። ለአጎቴ ነገ እመጣለሁ ብዬ ልደውልለት።»

«አትደውዪም» አለች እማዬ፣ ዓይኗን ከሥዕሉ ሳትነቅል።

«ተሸጠልኝ ብዬ እኮ ነው አልመጣም ያልኩት።»

«አልመጣም ብለሻል አይደል? በቃ፣ አትሄጂም።»

ይሄን ብላ ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች። ቀሚሷን ሰበሰበች፣ አንድ እጇን ግድግዳው ላይ ደገፍ አደረገች፣ ጉልበቷ እየተንቋቋ እዚያው ሲሚንቶው ላይ ሥዕሉ ፊት ለፊት ቁጭ አለች። ጩጬ ስልኳን እንደያዘች ቀረች። በዙሪያችን ሥዕሎች ከግድግዳ ይወርዳሉ፣ መሰላል ይጎተታል፤ የእኔ ልብ እንኳ እንሂድ እንሂድ ይለኝ ነበር። አንድ ጥበቃ መጥቶ ጎንበስ አለ።

«እናቴ፣ ይነሱ እንጂ፣ ልንዘጋ ነው።»

«ቆይ ልጄ» አለችው። «ገና አሁን መቀመጤ ነው።»