የወዲዓ ኪሽክ

«ክደኚው!» አለች ነጅላ፣ ከምድር ቤቱ ደፍ ላይ ቆማ። «ሽታው ሳሎን ድረስ ገባ። ለቅሶ የመጣ ሰው ምን ይላል?»

ሰልዋ ቡሃቃውን አልከደነችውም። ኪሽኩ፣ እናቷ ወዲዓ በእርጎ ያቦካችው ቂንጬ፣ አረፋ አውጥቶ ይተነፍሳል። ወዲዓ ስድስት ቀን ጠዋት ጠዋት አሽታዋለች፤ በሰባተኛው ቀን ልቧ ቀጥ አለ። ከተቀበረች ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው።

«ዛሬ ጣሪያ ላይ ካልተሰጣ ይበላሻል፣ አክስቴ።»

«ይበላሽ! አርባ ሳይወጣ እህል የሚያሰጣ ቤት በዚህ መንደር አይተሻል? ሰዉ እንደሆነ ‘ጀርመን አገር እንባዋን ጥላ መጣች’ እያለ ነው። ጭራሽ ይሄን ልትጨምሪለት?»

እያሉ እንደሆነ ሰልዋም ታውቃለች። መራራውን ቡና ስታዞር ሹክሹክታው ጆሮዋ ገብቷል። ያሳመማት መታማቷ አይደለም፤ እውነታቸውን ይሆን ብላ መጠርጠሯ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሰው አገር ተምራ፣ የራሷን ሐዘን እንኳ እንደ ሰው ሐዘን ቆማ የምትመረምር ሆናለች።

በጋው ባለቀ ቁጥር ከመንደሩ ወደ ጀርመን የሚሄድ ሰው አይጠፋም ነበር፤ ወዲዓም ለሾርባ ደርቆ የተፈጨ አንድ ከረጢት ኪሽክ ታስይዘዋለች። በመጀመሪያው ዓመት ሰልዋ ሾርባውን ሠራችው። አብረዋት የሚኖሩት ሴቶች አፍንጫቸውን ይዘው መስኮት ከፈቱ። ከዚያ ወዲህ ከረጢቱ ሳይፈታ ቆሻሻ መጣያ ይገባል።

«በላሽው?» ትላታለች እናቷ በስልክ።

«አለቀ እኮ፣ እማዬ።»

«እሰይ! ለከርሞ እጨምርልሻለሁ።»

በየዓመቱ ጨመረች።

ሰልዋ ጢም ያለውን ቡሃቃ አየችው። «ይሄን ሁሉ ብቻዋን ልትበላ ነበር?»

ነጅላ ሳቅ አመለጣት፤ ለቅሶ ቤት መሆኗ ትዝ ሲላት አፏን በእጇ ያዘች። «እሷ? ሆዷን እየነፋት! አባትሽ ካረፈ ጀምሮ በዚህ ቤት ኪሽክ የቀመሰ የለም። ‘ልጄ ቶሎ ነው የምትጨርሰው’ እያለች፣ በዚያ ጉልበቷ፣ ያን ደረጃ ስትወጣ ስትወርድ...»

ሰልዋ ቡሃቃውን አቅፋ አነሳች።

«ወዴት ነው? በሳሎኑ እኮ ነው ማለፊያው! አንቺ ልጅ!»

ሳሎኑ በጥቁር ለባሾች ተሞልቷል። ሰልዋ ቡሃቃውን ታቅፋ ስትገባ ዓይን ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ጎረቤታቸው ኡም ሸፊቅ አሽተት አደረጉ።

«የወዲዓ ነው?»

«አዎ።»

አሮጊቷ እግራቸውን ሰብስበው መንገድ ለቀቁላት። «ጨዉን ቅመሺለት። እሷ ሁልጊዜ ታሳንስ ነበር።»

ጣሪያው ላይ የእናቷን ነጭ አንሶላ ዘረጋች። እጇን እስከ ክርኗ ነክራ፣ ሊጡን እየቆነጠረች ደረደረችው። ታች ቅጥሩ ውስጥ የተቀመጡት ወንዶች አንገታቸውን አቅንተው ያዩዋታል። ዞር ብላ አላየቻቸውም። ኮምጣጣው ሽታ ጉሮሮዋ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን አላዞረችም።

ለመስቀል ሁለት ቀን ቀርቷል፤ በዚህ መንደር ዝናብ የሚጀምረው ከመስቀል በኋላ ነው፤ ዘንድሮ ግን ቸኮለ። ዳመናው ከተራራው ወርዶ የመጨረሻውን ቁንጥር ስታስቀምጥ ደረሰባት። አንድ ጠብታ እጇ ላይ አረፈ፣ ሌላው አንሶላው ላይ። መሸፈኛ ፈልጋ ዞር ዞር አለች፤ ምንም የለም። ጥቁር ሻርፗን ከራሷ ገፍፋ ኪሽኩ ላይ ጣለችው። ግማሹን እንኳ አልሸፈነም። በሁለት እጇ ወዲያና ወዲህ ብትጎትተው ከአንዱ ወገን ይጎድላል።

«አልቋል እኮ፣» አለች ለማንም ሳይሆን፤ ድምጿም ተሰበረ። «አለቀ እኮ፣ እማዬ።»

ከኋላዋ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ነጅላ ደረጃውን ወጣች። ወንዶቹ ከታች እያዩ ነው። ነጅላ የሐዘን ሻርፗን ከራሷ ላይ ፈታ በቀረው ኪሽክ ላይ ዘረጋችው፤ ነጭ ጸጉሯን ዝናቡ እያረጠበው ተንበረከከችና ነፋስ እንዳይገልጠው ጠርዙን በጉልበቷ ያዘች።