ቁራጭ የባለሙያ ነው

ወርቅ ሠሪዋን ሰፈርተኛው «ዓይናማ» ይላታል። ለመልኳ እንዳይመስላችሁ፤ መልኳ ለክፉ ባይሰጥም ቅጽል ስም የሚያስወጣ አይደለም። ማጉያ መነጽሯን ዓይኗ ላይ ሰክታ አንድ ጌጥ ካገላበጠች፣ ስንቴ እንደተሰበረ፣ ባለቤቷ ግራኝ ትሁን አትሁን፣ ልብስ ስታጥብ ታውልቀው አታውልቀው፣ ሁሉንም ዘርዝራ ስለምትናገር ነው። በተለይ አሮጌ ጌጥ ሲመጣላት ምሳዋን ትረሳለች።

«የዘንድሮ አልማዝ ማሽን የቆረጠው ነው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ሳቅ ነው የሚስቀው» ትላለች። «የድሮውን ግን ሰው ቁጭ ብሎ በእጁ ነው የሞረደው። አንድ ጎኑ ሸፈፍ ይላል፤ ይበል! ብርሃኑ ከሆዱ ነው የሚወጣው።»

ታናሽ እህቷ ልብስ ሰፊ ናት። ሁለት በር አልፎ ባለችው ጠባብ ክፍል ከስፌት መኪናዋ ጋር ስትጨቃጨቅ ትውላለች። እናታቸው ስትሞት የተወችው ጌጥ አንዲት ቀለበት ብቻ ነበረች፤ እሷም ለታላቂቱ ደረሰች። ታናሺቱ «ለኔ መቀሱ ደርሶኛል» እያለች ትቀልድ ነበር እንጂ አንድ ቀን ቅር ብሏት አያውቅም።

አንድ ጠዋት ታናሺቱ እጇን ከኋላዋ ደብቃ ወርቅ ቤቱ ገባች።

«እትዬ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ።»

«ሥራ ይዣለሁ፣ አትነዝንዢኝ።»

«በሞቴ!»

ጨፈነች። ስትገልጥ የእህቷ ጣት ላይ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ሰንፔር ተቀምጧል፤ ዙሪያውን አሥራ ሁለት የድሮ አልማዞች ከበውታል። የአንዲት የሞቱ ሴትዮ ቤት ዕቃ ሲሸጥ፣ ታናሺቱ ሁለት ዓመት ያጠራቀመችውን አራግፋ ገዝታው ነው። ሰንፔሩ ጥላ ውስጥ ሲሆን ጥቁር ይመስላል፤ ወደ መስኮቱ ሲዞር ግን ሰማያዊው ከታች ቀስ ብሎ ይነሳል፣ የተኛ ሰው ዓይኑን እንደሚገልጥ።

ዓይናማ ቀናች። ምን አድበሰብስላችኋለሁ፤ እርር ድብን ብላ ቀናች። ሃያ ዓመት የሰው ጌጥ ስትጠግን አንዱንም ለራሷ ተመኝታ አታውቅም። ይሄንን ግን ገና ስታየው ሆዷ «የኔ ነበር መሆን ያለበት» አለ። አፏ ግን «ደህና ነው» አለ።

«ደህና ነው ብቻ? ኧረ አንቺ ሴትዮ!» ታናሺቱ ሳቀች። «ትንሽ ሰፍቶኛል፤ አጥብቢልኝ።»

ዓይናማ ማጉያዋን ሰካች። ቀለበት ሲጠብ ክቡ ይቆረጣል፣ ትንሽ ወርቅ ይወጣል፣ ከዚያ ጫፍና ጫፉ ይበየዳል፤ የብየዳው መስመር ለሚያውቅ ዓይን ከውስጥ በኩል ይታያል። አንድ መስመር ያለ ነው፤ ሁለትም አይገርምም። እዚህኛው ላይ ዘጠኝ ቆጠረች። የወርቁ ቀለም ደግሞ ዙሪያውን አንድ ነው። ዘጠኝ ጊዜ ወርቅ ተቀንሶበታል፤ አንዴ እንኳ የጨመረለት የለም።

«ስንት ሴት ናት ያደረገችው ይሄን?»

«ስንትም ይሁኑ፣ ሁሉም ቆንጆዎች ነበሩ» አለች ታናሺቱ።

ቆረጠች፣ በየደች። የምስር ክክ የምታክል ቁራጭ ወጣች። በዚህ ሙያ ያለ ሁሉ የሚያውቀው ደንብ አለ፤ ቁራጭ የባለሙያ ነው። ደንበኛ አይጠይቅም፣ ሠሪም አይመልስም። ታናሺቱም ከደንበኞቿ ልብስ የተረፈውን ቁርጥራጭ ስለምታስቀር «ያንቺ ወርቅ፣ የኔ ጨርቅ» ብላ እየሳቀች ወጣች። ዓይናማ ያቺን ቁራጭ አቅልጣ፣ ከዕድሜ ብዛት እንደ ክር የቀጠነችውን የእናቷን ቀለበት አወፈረችባት።

ሁለት ሳምንት ቆይታ ታናሺቱ ተመለሰች።

«እንደገና ሰፋኝ።»

«ወርቅ ላስቲክ መሰለሽ?» ዓይናማ ቀለበቱን መለኪያው ዘንግ ላይ ሰደደችው። ራሷ ያጠበበችበት ቁጥር ላይ ቆመ፤ ንቅንቅ አላለም።

«ብርድ ነው» አለች ታናሺቱ። «በብርድ ጣት ይቀጥናል።»

«ብርዱ ሌሎቹን ጣቶችሽን አያውቃቸውም?»

ቢሆንም ቆረጠችላት። ቁራጯም ወደ እናቷ ቀለበት ሄደች።

በሦስተኛው ግን ዓይናማ ክው አለች። የእህቷ አራት ጣቶች እንደ ወትሮው ድንቡሽቡሽ ያሉ ናቸው፤ የቀለበቷ ጣት ብቻ ከእርሳስ ቀጥኗል።

«ጉድ ልንገርሽ?» አለች ታናሺቱ። «ዛሬ ጣቴን ከጨርቁ ጋር አብሬ ሰፋሁት። መርፌው ገብቶ ወጣ፤ አላመመኝም። ደምም የለው።» ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሃል ላይ ቆመ። «እትዬ፣ ጣቴ ካልሠራ እኔ ምን ሆኜ ልኖር ነው?»

«አውልቂው! ሁለተኛ እንዳታደርጊው!»

«ጣቴን ነው ያልኩሽ፣ ቀለበቴ ደግሞ ምን አደረገሽ?» ታናሺቱ ቆም ብላ አየቻት። «ወይስ ቀናሽብኝ?»

ሐሰት ቢሆን ኖሮ ዓይናማ ስቃና ሰድባ ታሳልፈው ነበር። እውነት ስለሆነ ግን አልቻለችም። አንገቷን ደፋች፤ እፍረቷን ለመሸፈን ብቻ መጋዟን አንስታ ሦስተኛውን ቆረጠች። የዚያችንም ማደሪያ ታውቁታላችሁ።

በማግስቱ ከሰዓት እጇን በሳሙና ስትታጠብ የእናቷ ቀለበት አልወልቅ አለቻት። ድሮ እጇን ስታራግፍ እንኳ ትሾልክ የነበረች ቀለበት! ጣቷን ወደ ብርሃን አቀረበች። ወፍሯል። አንጓው ላይ ደግሞ የሩዝ ፍሬ የምታክል የቃጠሎ ጠባሳ አለች። ዓይናማ ያቺን ጠባሳ ታውቃታለች። ታናሺቱ በሰባት ዓመቷ ካውያ ነክታ ያገኘቻት ናት፤ ያን ቀን አዝላ ስታባብላት የዋለችው ራሷ ዓይናማ ነበረች። ጣቱ የሷ ነው፤ ጠባሳዋ የእህቷ ናት።

በሯን እንኳ ሳትዘጋ ሮጠች። ልብስ ቤቱ ገብታ የእህቷን እጅ ሳብ አድርጋ አየች። ጠባሳዋ የለችም። ቦታዋ ልሙጥ ነው፣ ቀዝቃዛም ነው።

ያኔ ገባት። ቁራጯ በሄደችበት ሥጋውም ይሄዳል። ከሷ በፊት የነበሩት ባለሙያዎች ሁሉ፣ ደንባቸውን ጠብቀው፣ ሳያውቁት ከሰው ጣት ሲበሉ ኖረዋል። እሷ ደግሞ ከገዛ እህቷ በላች፤ ያውም እየተመኘች።

«ምን ሆነሻል? ፊትሽ አመድ መስሏል» አለች ታናሺቱ።

«የአልማዙ መያዣ ላልቷል፣ ሊወድቅብሽ ነው። ስጪኝ፤ ዛሬውኑ እመልስልሻለሁ።»

ሱቋን ከውስጥ ቆለፈች። የእናቷን ቀለበት እዚያው ጣቷ ላይ እንዳለች በመጋዝ ቆረጠቻት። ሦስቱ ቁራጮች ከእናቷ ወርቅ ጋር አንድ ሆነዋል፤ የቱ የማን እንደሆነ የሷም ዓይን አይለየውም። ስለዚህ ሁሉንም አቀለጠችው። እናቷ አርባ ዓመት፣ እሷ አሥራ ሁለት ዓመት ያደረጓት ቀለበት አንዲት ጠብታ ሆና እሳቱ ላይ ተንቀጠቀጠች። ዓይናማ እያለቀሰች ከፊሉን ለእህቷ ቀለበት ማስፊያ ጨመረች፣ በተረፈው ክቡን ከሥሩ አወፈረችው። አንዲትም ፍንጣሪ አላስቀረችም፤ ማታውኑ ቀለበቱን ለእህቷ መለሰችላት።

በስምንተኛው ቀን ታናሺቱ እየጮኸች ገባች።

«ወጋኝ! እትዬ፣ መርፌው ወጋኝ! ደሙን እዪው!»

ጣቷ ሞልቷል፤ ጠባሳዋም ቦታዋ ላይ ናት። ዓይናማ ያንን የሚደማ ጣት ይዛ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ታናሺቱ ግን ሌላ ነገር አየች።

«የእማዬ ቀለበትስ?»

«ያንቺን ለመጠገን ወርቅ አጠረኝ። ጨመርኳት።» የቀረውን ዋጠችው።

ታናሺቱ ደሙን በቀሚሷ ጠረገች። ከዚያ ቀለበቱን አወለቀችና የእህቷ ባዶ ጣት ላይ ሰደደችው።

«እንግዲያው ያንቺ ነው። ዓይንሽ እንዳረፈበት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። እያወቅኩ ደግሞ አሳፈርኩሽ፤ ይቅር በይኝ።»

«አልፈልግም! ውሰጂው ነው የምልሽ!»

«እኔ አፈር ስሆን!»

ዓይናማ ልታወልቀው ያዘችው። ምን እንደሚያደርግ ታውቃለች፤ ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም። እውነቱን ተናግራ ሁለቱም በአንድነት እሳት ውስጥ ሊከቱት ይችሉ ነበር። ግን እጇ ወደ መስኮቱ ዞሮ ነበር። ሰማያዊው ከታች ተነሳ፣ አልማዞቹ ተራ በተራ ነቁ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ፤ እሷን ግን አደመቃት። በሬው ሳሩን አይቶ ገደሉን ሳያይ ነው የገባው፤ ዓይናማ ገደሉንም አይታዋለች። አይታውም ቀለበቱን አላወለቀችም።

«ትንሽ ይሰፋሻል መሰለኝ» አለች ታናሺቱ።

«አጠብበዋለሁ።»

እዚያው እህቷ ፊት ቆረጠችው። ቁራጯ መዳፏ ላይ ወደቀች። መሳቢያዋ ውስጥ ብትከታት የሚጠይቃት አልነበረም፤ ከሷ ወጥቶ ወደሷ ይመለስ ነበር። ይህንንም አስባለች፤ ሰው ናታ። ነገር ግን የእህቷን እጅ ዘረጋችና ቁራጯን አስያዘቻት።

«ጉትቻ እሠራልሻለሁ።»

«ቁራጭ የባለሙያ አይደል እንዴ?»

«የበላሁብሽ አለ» አለች ዓይናማ። ታናሺቱ ቀልድ መስሏት ሳቀች።

አሥር ቀን እንኳ አልሞላም። ታናሺቱ አንድ ጆሮዋ ላይ የምታብለጨልጭ ትንሽ ጉትቻ አድርጋ፣ ፊቷ ፈክቶ፣ ወርቅ ቤቱ ባንኮኒ ላይ ተደገፈች።

«ምን እንደሆነ እንጃ፣ ጆሮዬን ሁልጊዜ ይሞቀኛል። ደስ ይላል። ግን እትዬ፣ ለአንድ ጆሮ ብቻ እኮ ነው የበቃው። ለሌላውስ?»

ዓይናማ እጇን ከባንኮኒው በታች አወረደች። ቀለበቱ ጣቷ ላይ ልል ሆኖ ይዞራል።

«ይደርሳል» አለቻት። «አትቸኩዪ፣ ይደርሳል።»