አናጢውና አማቱ ጫካ ሲገቡ

የአናጢውን ግራ ዐይን ሞራ ጋረደው፤ ብዙም ሳይቆይ ቀኙ ተከተለ። ሚስማር መታሁ ብሎ አውራ ጣቱን ሲቀጠቅጥ፣ መስመር ስቶ የሰው በር ሲያጣምም፣ ሚስቱ እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሐኪሟ መርምራው፣ «ሞራው ይገፈፋል፤ ግን በዚህ ደም ግፊት ቢላ አላስነካህም» አለች። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እንዲውጥ፣ ጨው እንዲቀንስ፣ ጠዋት ጠዋት ከከተማው ጀርባ ያለው ጫካ ውስጥ ቀስ እያለ እንዲንሸራሸር አዘዘችው። የዛፍ ጥላና ጸጥታ ሰውን ያረጋጋል አለችው። ግፊቱ ካልወረደ ቀዶ ጥገና የለም፤ ቀዶ ጥገና ከሌለ ደግሞ ከሥራው ተሰናበተ ማለት ነው።

ሚስቱ በማለዳ ሥራ ትገባለች። ታዲያ ማን ይምራው? አማቱ፣ የሚስቱ እናት! ወይ እሳቸው፣ ምላሳቸው ስለት ነው። ከሠርጉ ቀን ጀምሮ አናጢው እሳቸው ያሉበት ክፍል ሲገባ አንገቱን ይደፋል። «እኔ እወስደዋለሁ! ዕውር አማች ይዤ አልቀርም» ብለው ክንዱን አፈፍ አደረጉት።

መጀመሪያ ነገሩ አልሰመረም። የእንጨት ሰው ጫካ ገብቶ እንዴት ይረፍ? ዛፉን ሁሉ በመዳፉ እየዳበሰ፣ «ይሄ ሁለት በር ይወጣዋል፤ ይሄ ደግሞ፣ ወይኔ፣ ምን የመሰለ ቁም ሣጥን!» እያለ ያሰላል። ውስጡ የበሰበሰ ግንድ ሲያገኝማ የገዛ ቤቱ የተቃጠለ ይመስል ይንጨረጨራል። በቀጠሮው ሄዶ ቢለካ ግፊቱ ጭራሽ ብሶበታል። የዚያን ቀን አለቀሰ።

አማቱ ተቆጡ። «ጫካ ግባ ተባልክ እንጂ ጫካ ግዛ ተባልክ? እጅህን ኪስህ ክተት! ከዛሬ ጀምሮ ዛፍ የነካህ እንደሆነ ጥዬህ ነው የምሄደው።»

እጁን ኪሱ ከተተ። የመጀመሪያ ሰሞን ጨነቀው፤ ቀስ በቀስ ግን ወፉን መስማት ጀመረ፣ የረጠበ አፈርና ቅጠል ሸተተው፣ ትንፋሹም ረጋ አለ። አማቱ ያወራሉ። ጎረቤት ያማሉ፣ ልጃቸው ሕፃን ሳለች የሠራችውን ጉድ ይዘከዝካሉ፤ እሱም ሆዱን ይዞ ይስቃል። አልጋ ላይ ሲገላበጥ ያድር የነበረ ሰው ድብን ብሎ መተኛት ቻለ። ሐኪሟ ግፊቱን ሁለት ጊዜ ለካችው፤ አላመነችማ! «ወርዷል። ለቀዶ ጥገና ተዘጋጅ» አለችው። ተመስገን ነው!

የቀኝ ዐይኑ ሞራ ተገፈፈ። ፋሻው ሲነሣ መጀመሪያ ያየው መስኮቱን ነው፤ አሠራሩም አላማረውም። ሚስቱን አይቶ ፊቱ በራ። ቀጥሎ አማቱን አየ። ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ቁርጭምጭሚታቸው አባብጦ በጨርቅ ተጠፍሯል፣ ጫማቸው አልገባ ብሎ ተረከዙን ረግጠውታል።

«እማማ፣ እግርዎ ምን ሆነ?»

«የቆየ ነው። ምን አገባህ?»

ሚስቱ አቀርቅራ፣ «ዓመት አልፎታል። እንዳልነግርህ አስምላኝ ነው» አለችው።

አናጢው ክው አለ። በዚህ እግር ነው ዳገት ቁልቁለቱን ሲመሩት የከረሙት! እግራቸው ሥር ሊንበረከክ ሲል፣ «አትጎንበስ ተብለሃል እኮ!» ብለው ጮኹበት።

ቀና ብሎ፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እማዬ» አለ። እማማ እንጂ እማዬ ብሏቸው አያውቅም። «ዐይኔን ያበሩልኝ እርስዎ ነዎት።»

አማቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተናፈጡ። «በል፣ አሁን ተራው የኔ ነው» አሉ።

የዚያኑ ዕለት ካርድ አውጥቶላቸው ወረፋ የያዘው እሱ ነው።