እግር፣ እጅና አፍ

ዶላሞ ጂንካ ላይ የሒሳብ አስተማሪ ነበር። ሐዋሳ ሲማር ከአንድ የውጭ አገር መምህር ያልተለመደ ጨዋታ ቀስሞ መጣ። ሰዎች ተሰብስበው በቃል የሚኖሩት ጀብዱ ነው። አንዱ ተራኪ ይሆንና ዋሻውን፣ ጠላቱን፣ ዝናቡን ሳይቀር እሱ ይናገራል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ጀግና ሆነው “እንዲህ አደርጋለሁ” ይላሉ። መሳካት አለመሳካቱን የሚቆርጠው ዕጣ ነው። ዕጣውን አናጢው ሻንቆ ከወይራ ጠርቦ፣ በስድስቱ ፊቶቹ ላይ በጋለ ምስማር ነጥብ ተኩሶበታል።

ተጫዋቾቹ ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ሻንቆ ራሱና የጤና ረዳቷ አለምነሽ። ሻንቆ የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ስለሆነ ድግምት የሚባል ነገር በጨዋታም ቢሆን በአፉ አያዞርም። “አስማተኛውን አንተ ሁነው፤ ለእኔ ጋሻና ጦር ይበቃኛል” ይለዋል ዶላሞን። አለምነሽ ቀስተኛ ነበረች። የአንድ መንደር ወንዝ አግቶ ያደረቀውን አስማተኛ ሲያሳድዱ ከርመው ዋሻው ደጃፍ ላይ በደረሱ ሳምንት፣ አለምነሽ ወደ ቱርሚ መዛወሯ ተነገራት። የሚወስዳት የጭነት መኪና ሰኞ ጠዋት ይነሳል።

“ሳንጨርስማ ንቅንቅ አልልም!” አለች።

ስለዚህ ሰኞ በማለዳ ሻንጣዋን ይዛ ሻንቆ ቤት መጣች። ሦስቱም ሻንቆ እንጨት የሚልግበትን ጠረጴዛ ከበው ተቀመጡ።

“ዋሻው ድቅድቅ ጨለማ ነው” አለ ዶላሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ሻንቆ፣ አንተ ከገደሉ ማዶ ቀርተሃል፤ ድልድዩ ተቆርጧል። አለምነሽ፣ አንቺ ከአስማተኛው ፊት ለፊት ነሽ። እጁን አነሳብሽ። ማፍዘዣ!” ዕጣውን ጣለ። አምስት ወጣ። “ያዘሽ! እንደ ድንጋይ ደርቀሽ ቀረሽ። ተራሽ አለፈ።”

“ቆይ እንጂ!” አለች አለምነሽ። “አፌስ?”

በሕጋቸው ማንም ሰው ተራው ሲደርስ ሦስት ነገር አለው፤ እግር፣ እጅና አፍ። በእግሩ ይሄዳል፣ በእጁ ይመታል፣ በአፉ ይናገራል። የሚያስር ድግምት ሁሉ ከእነዚህ የተወሰነውን ይቀማል እንጂ ሁሉንም አይወስድም። ማፍዘዣ እግርና እጅ ይይዛል። ያም ቢሆን የሚጸናው አስማተኛው ሐሳቡን እዚያው ላይ እስካሳረፈ ድረስ ነው። ከቆሰለ ሊያመልጠው ይችላል። ሌላ ማሰሪያ ከጣለም የፊተኛው ይፈታል።

ዶላሞ አገጩን አሸት አሸት አደረገ። “እውነትሽን ነው። አፍሽ አልተያዘም።”

“እንግዲያውስ ሻንቆ፣ ስማኝ! ከግራህ፣ ከትልቁ ዓምድ ኋላ ነው ያለው! ወርውር!”

ሻንቆ በጨለማ ቢወረውር ስድስት ካልወጣለት አይመታም ነበር። ቦታው ከተነገረው ግን አራት ይበቃዋል። ዕጣውን በሁለት መዳፉ መካከል አንኳኩቶ ጣለ። አራት!

“ጦሩ ትከሻው ላይ ተሰካ!” ዶላሞ ከመቀመጫው ተነሳ። “ጮኸ! ድግምቱን መያዝ ይችል ይሆን?” ለአስማተኛው ጣለ። ሦስት። “ለጥቂት! አሁንም እንደያዘሽ ነው።”

በዚህ መሐል ውጭ ክላክስ ተነፋ፤ ሹፌሩ ተፈሪ በበሩ ብቅ አለ። “ሲስተር፣ ደመናውን አላየሽም? ካኮ ገበያ ጭነት ይጠብቀኛል እኮ!”

“አንድ ደቂቃ፣ ጋሽ ተፈሪ! ታስሬ ነው!”

ተፈሪ ግራ ገብቶት አያት፤ የሚታይ ገመድ አልነበረም። ወደ ውስጥ ገባ።

አለምነሽ አሰበች። ሻንቆ የቀረው አንዲት ጦር ናት፤ እሷም ከሳተች አለቀላቸው። እጇን ከማፍዘዣው የሚያስለቅቅ አንድ ሰው ብቻ አለ፤ እሱም ራሱ አስማተኛው። ስለዚህ አፏን ከፈተች።

“ሻንቆ፣ አሁን ደግሞ ወደ ቀኝ ዞረ! እያነከሰ ነው! ይኸው ሊደበቅ! አንተ የወንዝ ሌባ፣ የትም ብትገባ እነግርብሃለሁ! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጥህ እነግርብሃለሁ!”

ዶላሞ እውነትም የተሰደበ መሰለ። ፊቱ ተለዋወጠ፤ ጠረጴዛውን በጡጫ ደለቀው። “ይህችን ምላስ ዛሬ እቆርጣታለሁ! ዝምታ!” ጣለ። ስድስት። “ተዘጋሽ! ከእንግዲህ ትንፍሽ የለም!”

አለምነሽ ከንፈሯን ገጠመች። በሕጋቸው አፉ የተያዘ ሰው ጠረጴዛው ላይም አይናገርም። ግን ዓይኗ በራ። ቀስ ብላ ተነሳች፣ ግራ እጇን ዘረጋች፣ በቀኟ የማይታይ የቀስት ጅማት እስከ ጆሮዋ ድረስ ሳበች።

ሻንቆ ቀድሞ ገባው። “ፈታት! ዝም ሊያሰኛት ብሎ ፈታት!”

“ወይኔ!” ዶላሞ ራሱን ያዘ። ከዚያም ሳቁ መጣ። “የተናደደ አስማተኛ ነው፤ ቃሉን አያጥፍም። ተኩሺ! አምስት ወይም ስድስት ካመጣሽ ወደቀ።”

“ምንድን ነው ነገሩ?” አለ ተፈሪ፤ ሻንቆ ጆሮው ላይ እየጮኸ በጥድፊያ አስረዳው። ተፈሪ ባርኔጣውን አወለቀ። “በርቺ ሲስተር! ለዚህ ሌባ እንዳታዝኚለት!”

ጣለችው። ዕጣው ጠረጴዛው ላይ ነጠረ፣ ጫፍ ላይ ተንከባለለና ወደ ታች ወርዶ የእንጨት ፍቅፋቂው ውስጥ ጠፋ።

“ማንም እንዳይነካው!” አለ ዶላሞ። አራቱም ተንበረከኩ፤ ሻንቆ ፍቅፋቂውን በጣቱ ጫፍ ቀስ እያለ ገለጠ። አንድ ጥቁር ነጥብ ታየ፤ ሌላ ተከተለ።

“ስድስት!” ብሎ ያገሳው ተፈሪ ነበር።

“ፍላጻው ደረቱን በሳው!” አለ ዶላሞ። “ወደቀ! ድግምቱ ሁሉ ተፈታ! አለምነሽ፣ አፍሽ ያንቺ ነው!”

አለምነሽ እልልታዋን አቀለጠችው። ሻንቆና ተፈሪ ተቃቀፉ፤ ከዚያ በፊት ግን በስም እንኳ አይተዋወቁም ነበር። ዶላሞ ወንዙ ግድቡን ሰብሮ ወደ መንደሩ ሲወርድ፣ ከብቶች እየሮጡ ሲመጡ፣ ሴቶች ባገኙት ዕቃ ሲቀዱ ተረከ። ሻንቆ ሻንጣዋን ተሸክሞ መኪናው ድረስ ሸኛት።

መዛወሯ ከተነገራት ጀምሮ ሆዷን ሲያባባት የነበረው ጉዞ እንዴት እንደተጀመረ እንኳ አላስተዋለችም። ተፈሪ መሪውን እንደያዘ ጥያቄ በጥያቄ አደረጋት። ካኮ ላይ ጭነው ሲነሱ፣ ማፍዘዣና ዝምታን ለይቶ ማስረዳት ችሎ ነበር። አልዱባን እንዳለፉ ጉሮሮውን ጠራረገ።

“እኔ ግን ሲስተር፣ ቀስት አይሆነኝም። ለእኔ ጎራዴ ይሁንልኝ፤ ደግሞም ፈረስ።”

“ፈረሱን ማን ይሰጥሃል?”

“እንጀምረውና እዋጋለታለሁ” አለ ማርሹን እየቀየረ።

አለምነሽ ወደ እሱ ዞራ እግሯን አጣጥፋ ተቀመጠች። “እንግዲያው ስማ። አንድ የተቃጠለ ከተማ ደጃፍ ላይ ቆመሃል . . .”