የሣባ ቁንጮ

ሰኞ ዕለት ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ እጃችንን እየሰነዘርን «የአድኃሪያን ቁንጮ ይቆረጥ» ስንል ውለን፣ ረቡዕ ዕለት ደግሞ ሴቶች በሙሉ ቁንጮ ሠርታችሁ ውጡ ተባልን። አብዮቱ እንዲህ ነበር፤ የሚቆርጠውንና የሚያሳድገውን ለይቶ አያውቅም።

ያኔ ቦሌ መኖር ራሱ ዕዳ ነበር። ገርጂ ገና ጤፍ የሚታጨድበት አገር ነው፤ የእኛ ሰፈር ግን አውሮፕላን ማረፊያው አፍንጫ ሥር ስላለ፣ ከወንድማማች አገር እንግዳ በመጣ ቁጥር ባንዲራ ይዘን አስፋልት ዳር የምንተከለው እኛ ነን። እንግዳው በመኪና ሽው ብሎ ያልፋል፣ እኛ ግማሽ ቀን ፀሐይ ሲመታን እንውላለን። ያን ቅዳሜ የሚመጣው እንግዳ አገር ሴቶች ጸጉራቸውን ጠቅልለው አናታቸው ላይ ያስራሉ አሉ። ስለዚህ የሴቶች ማኅበራችን ሊቀመንበር ጓድ ስመኝ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሁላችንም እንደነሱ ጠቅልለን እንድንወጣ አዘዘች። ሻሽ ክልክል ነው፤ ሻሽ ኋላ ቀር ነው። የቀረችም ትጠየቃለች።

እኔ ሶሬቲ የምኖረው በሰው ጸጉር ነው። ፒያሳ ጸጉር ቤት የሰው ጸጉር በቢጎዲን ስጠቀልል ኖሬ፣ ቤቱ ሲዘጋ ሥራውን ወደ ሳሎኔ አዞርኩት። ያን ሰሞን ደጄ ገበያ መሰለ። ጸጉሯ የረዘመላትን ጠቅልዬ እሸኛለሁ፣ ያጠረባትን የባሏን ካልሲ ይዛ እንድትመጣ አዛለሁ። ካልሲው ጫፉ ተቆርጦ ሲጠቀለል ቀለበት ይሆናል። ጸጉሯን ቀለበቱ ላይ አልብሼ፣ ዙሪያውን በማስያዣ ወግቼ፣ በስኳር ውሃ ሳደርቀው የንግሥት ዘውድ ያስንቃል። እርግጥ ንግሥት ማለት ክልክል ነበር። የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ያን ሳምንት በባዶ እግሩ ጫማ አድርጎ ሰነበተ።

ዓርብ ከሰዓት ጎረቤቴ ወይዘሮ ፍረወይኒ ልጃቸውን ሣባን ይዘው ገቡና በሩን ከኋላቸው ቀረቀሩት። ሣባ ሻሿን ፈታች። ያ ወገቧ ድረስ ይወርድ የነበረ ጸጉር የለም፤ ተላጭታለች።

ወንድሟ ኃይለኪሮስ ከተገደለ ወር አልሞላውም። አናርኪስት ተብሎ ነው፤ ሬሳውም አልተሰጣቸውም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሟች ማልቀስ፣ ጥቁር መልበስ፣ ለቅሶ መቀመጥ ሁሉ ወንጀል ነበር። ሣባ ግን ለእናቷ እንኳ ሳትነግር በወንድሟ ምላጭ እንደ ወጉ ጸጉሯን ላጨችለት። ከዚያ ወዲህ በሻሽ ተሸፍና ከረመች። ከሻሹ ሥር ያለውን አንድ የቀበሌ ሰው ካየ አለቀላት። ቋቁቻ ይዟት ነው የተላጨችው እንዳንል፣ ከላይ ሰፈር አንዷ እንዲያ ብላ ነበር፤ ወሰዷት፣ አልተመለሰችም።

ከራስ ቅል ላይ ከየት አምጥቼ ነው ቁንጮ የምሠራው ብዬ ጮህኩባቸው። ስፈራ እቆጣለሁ፤ ጠባዬ ነው። ወይዘሮ ፍረወይኒ መስታወቱን ከግድግዳው አወረዱና ለልጃቸው ያዙላት።

በጃንሆይ ጊዜ የገዛሁት ዊግ ነበረኝ። ፊቱ ደህና ነው፣ ኋላውን ብል በልቶታል። ፊቱን ወደ ኋላ ለጥጬ ሰፋሁትና የተበላውን ቁንጮው እንዲሸፍንልኝ አሰብኩ። ካልሲ ሲያስፈልግ ወይዘሮ ፍረወይኒ ከጉያቸው ጥቁር የወንድ ካልሲ አወጡ። የማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ጥጥ ሞላሁት፣ ጥቁር ክር ጠመጠምኩበት፣ ዊጉ ላይ በላስቲክ አሰርኩት። እንዳይናድ ብዬ ከቀበሌ ሱቅ ያገኘኋትን ስኳር በሙሉ በጥብጬ ደፋሁበት። ሲደርቅ በጥፍሬ ባንኳኳው ቋ ቋ አለ። ሣባ ከሐዘኗ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ እኔም ልቤ ሞላ።

ቅዳሜ ተሰለፍን። መልከ መልካም ስለሆነች ሣባን ከፊት አቁመው እቅፍ አበባ አስያዟት። እኔ ከኋላዋ ቆምኩ። ሁሉን አስቤ የረሳሁት፣ አበባ ባለበት ንብ መኖሩን ነው።

መጀመሪያ አንዲት ንብ ከአበባው ተነስታ ቁንጮው ላይ አረፈች። ቀመሰችው መሰለኝ፣ ሄዳ ዘመዶቿን ጠርታ መጣች። ሣባ ትንፋሿን ውጣ ቆማለች። በባንዲራዬ ላባርራቸው ብል ጭራሽ ተቆጡ። አንዷ ጆሮዋ ሥር ስትነድፋት ሣባ ሳታስበው በእጇ መታቻት፣ ቁንጮውም ከነዊጉ ወደ ግራ ተንሸራተተ። የተላጨው ማጅራቷ ፀሐይ ላይ ወጣ።

ጓድ ስመኝ አየችን። ስመኝ ድምፅ ማጉያ የማያስፈልጋት ሴት ናት፤ ልጇ ተካልኝ ሶቪየት ሄዶ ምሕንድስና እየተማረ ነው እያለች አዳራሽ ውስጥ ስታደነቁረን ነው የከረመችው። ወደ እኛ መምጣት ጀመረች። የምቀባጥረውን እየፈለግኩ ሳለሁ ደረሰች።

አልጮኸችም። ሰፊ ጀርባዋን ለአብዮት ጠባቂዎቹ ሰጥታ ሣባን ከለለቻት። በአንድ እጇ ዊጉን አቃናች፣ በሌላው ከራሷ ቁንጮ ላይ ማስያዣ እየነቀለች የሣባን ወጋችው። ማስያዣው ሲነቀል የእሷም ቁንጮ ከነዊጉ በአንድ ጎኑ ብድግ አለ። ከሥሩ ያለው ጸጉር ከሣባ ጸጉር አይረዝምም ነበር።

ዓይኔ የት እንዳረፈ አየች።

«ለማድረቂያ ተልባ ነው የሚሻለው» አለችኝ በሹክሹክታ። «ስኳር ንብ ይጠራል።»

ተካልኝ ሶቪየት እንዳልሄደ ያኔ ገባኝ። ስንት ጊዜ አምቻታለሁ፤ አፈርኩ።

የእንግዳው መኪኖች ብቅ ሲሉ ጭብጨባውና እልልታው ቀለጠ። ስመኝ የሣባን ትከሻ ያዘች።

«አሁን አልቅሺ» አለቻት። «ለእንግዳው ነው ይላሉ።»

ሣባ ለአንድ አፍታ ትኩር ብላ አየቻት። ከዚያ አበባውን ለቀቀችና «ወንድሜ፣ ወንድሜ» እያለች፣ ሬሳ እንደ ወጣ ሁሉ ደረቷን እየመታች አለቀሰች። ስመኝም ከጎኗ «ልጄን» አለች፤ ያ አዳራሽ የሚያናውጥ ድምፅ ቀጥኖ ነው የወጣው። እኔም ስለ ሁለቱም አለቀስኩ። እንግዳው ነገሩ ልቡን ነክቶት መሰለኝ፣ መኪናውን አስቀንሶ በመስኮት እጁን አወዛወዘልን።

በማግስቱ የሣባና የስመኝ ፎቶ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ከሥሩ የቦሌ ሴቶች እንግዳውን «ወንድሜ» እያሉ በደስታ እንባ ተቀበሉት ይላል። ወይዘሮ ፍረወይኒ ፎቶውን ቆርጠው፣ የኃይለኪሮስ ፎቶ በፍተሻ ሲወሰድ ባዶውን በቀረው ሚስማር ላይ ሰቀሉት። የቀበሌው ፈታሾች እንደገና ሲመጡ አዩትና ይህስ የአብዮተኛ ቤት ነው ብለው ሄዱ።