አንድ ሬዲዮ ለአራት ቤት

ያንን ሽቦ ባልዘረጋ ኖሮ፣ ዛሬ ተዝካር ተጠርቼ ምግብ ሲቀርብልኝ እጄን ባልሰበሰብኩ ነበር። ሰው «ሰንበታ ኩሩ ነው፣ የሰው ቤት አይቀምስም» ይለኛል። ይበል። ኩራት ቢሆን ምንኛ ጥሩ ነበር።

ነገሩ የሆነው በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ናዝሬት ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙ በማይርቅ የቀበሌ ግቢ ነው። አራት ቤት ነበርን። አንድ ቧንቧ፣ አንድ መጸዳጃ፣ አንድ ሬዲዮ። ሬዲዮው የኔ ነው። ያኔ የሃያ ስምንት ዓመት ወንደላጤ ነበርኩ፤ መንገድ ዳር ባለች ጠባብ ሱቅ ሬዲዮ እጠግናለሁ። የዜና ሰዓት በደረሰ ቁጥር ግቢው በሙሉ እኔ ክፍል ይገባና አልጋዬ ላይ ይቀመጣል። እኔ ደግሞ ሰው አልጋዬ ላይ ሲቀመጥብኝ አልወድም። ሬዲዮው በየቤቱ እንዲሰማ ሽቦ የዘረጋሁት ለወገን አስቤ አይደለም፤ ለአልጋዬ አስቤ ነው።

ጎረቤቴ አቶ ፉፋ፣ የባቡር ጡረተኛ ናቸው፣ አንድ ጥቅል አሮጌ የስልክ ሽቦ ሰጡኝ። ከሞቱ ሬዲዮዎች ስፒከር ፈትቼ በሳሙና ካርቶን ውስጥ አሰርኩ። ሽቦውን የጣሪያ ቆርቆሮ እንዳይቆርጠው በጎማ ቁራጭ እየጠቀለልኩ ከክፍሌ ወደ ሦስቱ ቤት አደረስኩት። እኔ ዘንድ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ማብሪያ ማጥፊያ አለ። ስከፍትላቸው ይሰማሉ፣ ስዘጋባቸው ዝም ይልባቸዋል። ሥልጣን ማለት ይኼ ነው መሰለኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

አቶ ፉፋ ግድግዳቸው ላይ የሰቀልኩትን ካርቶን አገላብጠው አዩና «ኩን ኒ ዱባታ ሞ ኒ ደጋኣ?» አሉኝ። ይናገራል ወይስ ይሰማል ማለታቸው ነው።

«ይናገራል እንጂ አባባ! ካርቶን እንዴት ይሰማል?» ብዬ ሳቅሁባቸው። ስፒከር ወደ ኋላ ከተያያዘ ጆሮ እንደሚሆን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ ግን ለሽማግሌ ማስረዳት ሰለቸኝ።

ሦስተኛው ቤት የወይዘሮ ሸዋወርቅ ነው፤ እኛ እትዬ ሸዋዬ ነው የምንላቸው። ባላቸው ገብረወልድ ቀደም ብሎ ሞቷል፤ ከዓለም ጤና ከተማ ሽንኩርት እያመጡ ሸጠው አንድ ልጃቸውን ሙሉአለምን አሳደጉ። ልጁ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው፣ ሽንኩርት ጭኖ መጥቶ መናኸሪያ ሲያራግፍ፣ በአፈሳ ያዙት። አንድ ቀን ቀበሌ አዳራሽ አሳድረው ከሌሎቹ ጋር ጫኑት። ብሔራዊ ውትድርና ነው። ከዚያ ወዲያ ደብዳቤ የለ፣ ወሬ የለ። እትዬ ሸዋዬ ከቢሮ ቢሮ ቢመላለሱ «ሙሉአለም ገብረወልድ በሚል ስም የተመዘገበ ዘማች የለም» አሏቸው። ልጃቸው በመኪና ተጭኖ ሲሄድ በዓይናቸው አይተዋል፤ መዝገቡ ግን አላየውም።

አራተኛው ቤት የቀበሌው ጸሐፊ የአቶ ሰብስቤና የሚስታቸው የወይዘሮ ጥሩነሽ ነው። የነሱም ልጅ ንዋይ በዚያው ቀን ተራው ደርሶት ዘመተ ተባለ። ማንም ሲሳፈር አላየውም። የጸሐፊ ልጅ ተሳፍሯል ከተባለ ተሳፍሯል፤ ማን ይጠይቃል?

እንግዲህ ሁለቱ እናቶች በአንድ ሐዘን ተወዳጁ። እትዬ ሸዋዬ በየቀኑ ቧንቧው ሥር ከጥሩነሽ ጎን ቁጭ ብለው ያለቅሳሉ። «ያንቺም የኔም አንድ ነው ጥሩዬ» ይላሉ። ጥሩነሽም ታለቅሳለች፤ አንገቷን ደፍታ፣ ቀና ሳትል። እኔ እንዲያውም ከሁለቱ የባሰባት ጥሩነሽ ናት እል ነበር።

አንድ ቀን እትዬ ሸዋዬ ሱቄ መጡ። በእጃቸው የሚጠገን ነገር አልነበረም።

«ሰንበታዬ፣ የወንበዴው ሬዲዮ የተማረከ ወታደር ስም ያነባል አሉ። እውነት ነው?»

«እትዬ፣ ቀስ ይበሉ!» ብዬ ውጭውን አየሁ።

«ሌላ አልለምንህም። መቼ እንደሆነ ታውቃለህ። ለኔ ቤት ብቻ ክፈትልኝ።»

አውቅ ነበር። ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ በአጭር ሞገድ፣ እየተንሿሿ ይመጣል። ያንን የአማፂዎች ጣቢያ ሲሰማ የተገኘ ሰው የት እንደሚገባም አውቅ ነበር። እምቢ ልል አፌን ስከፍት፣ እኚህ ሴት የቀበሌ ማኅተም ያረፈበትን ብጣሽ ወረቀት ከጉያቸው አውጥተው «የተመዘገበ የለም» የሚለውን አሳዩኝ። ማንበብ አይችሉም፤ ግን ጽሑፉ ያለበትን ቦታ በጣታቸው ያውቁታል። እሺ አልኳቸው። ለማንም እንዳይናገሩ በሙሉአለም አስማልኳቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማታው ሁለቱን ቤት ዘግቼ ለሳቸው ብቻ እከፍት ነበር፤ ድምፁን ዝቅ አድርጌ። ስም፣ የአባት ስም፣ የትውልድ አገር። ስም፣ የአባት ስም፣ የትውልድ አገር። በማግስቱ «አላሉትም» ይሉኛል። «ነገ ይሉታል» እላለሁ። አራት ወር እንዲህ ሄደ።

በአምስተኛው ወር አቶ ሰብስቤ ስፒከራቸው ደከመ ብለው ተቆጡኝ። ሽቦ ተቆርጦ እንደሆነ ለማወቅ የምናደርገው ቀላል ነገር አለ፤ መስመሩን ከሬዲዮው ነቅለህ ድምፅ በሚያጎላው ክፍሉ መግቢያ በኩል ታስገባዋለህ። ያኔ ያ ሩቅ ያለው ስፒከር ጆሮ ይሆናል። የዶሮ ድምፅ እንኳ ከሰማህ መስመሩ ደህና ነው። እኔም ዶሮ ልሰማ ነበር ያዞርኩት።

የሰማሁት ጥሩነሽን ነው። «ዛሬም መጥታ ጉልበቴ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ሰብስቤ፣ እኔ አልቻልኩም።»

«ቻይው» አሉ ባሏ። «የሷን ልጅ በንዋይ ስም ባልጽፈው ኖሮ ዛሬ አልቃሿ አንቺ ነበርሽ።»

«በልጄ ስም እየተጠራ አቤት ሲል…»

«አቤት ይበል! አንቺ ደራ ከተማ አጎቱ ጋ የተደበቀውን ልጅሽን አስቢ። ደግሞ ዝቅ አድርገሽ ተናገሪ፤ ግድግዳም ጆሮ አለው።»

ሽቦውን ነቅዬ ጣልኩት። መስመሩ ደህና ነበር።

እዚህ ላይ ጀግና ብሆን ኖሮ በዚያው ደቂቃ ግቢውን አቋርጬ «እትዬ ሸዋዬ፣ የሚጠብቁት ስም ሌላ ነው» እል ነበር። አላልኩም። ፈራሁ፤ ሌላ ስም የለውም። ሰው ቤት ማዳመጥ አንድ ወንጀል፣ የወንበዴ ሬዲዮ ማሰማት ሌላ ወንጀል፣ የጸሐፊን ምስጢር ማወቅ ደግሞ ከሁለቱ የሚብስ። ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ነገ ዓርብ ሆነ፣ ዓርብ ሰኞ ሆነ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሬዲዮው ላይ ጆሮዬን ደግኜ የማዳምጠው የንዋይን ስም ነበር።

በአሥረኛው ቀን ስሙ መጣ። ስሞቹን የሚያነበው ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገና፦

«ንዋይ ሰብስቤ። የትውልድ አገር ናዝሬት።»

ሙሉአለም ሕያው ነው። እጄ ማጥፊያው ላይ ቀረ። ምናልባት ልብ አላሉ ይሆናል፣ ምናልባት ሽንኩርት እየመረጡ ነው ስል፣ የእትዬ ሸዋዬ በር ሲከፈት ሰማሁ። ወጣሁ።

ነጠላቸው አንድ ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሎ፣ በባዶ እግራቸው፣ ግቢውን እያቋረጡ ነው። ጥሩነሽ ቧንቧው ሥር ልብስ ታጥባለች። አጠገቧ ተንበረከኩና እጇን ከነአረፋው ያዙት።

«ጥሩዬ፣ እልል በይ! ግን በሆድሽ እልል በይ፣ ሰው እንዳይሰማ።»

«ምነው እትዬ?»

«ንዋይ አለ! ተማርኮ ነው እንጂ አልሞተም። አሁን በጆሮዬ ሰማሁት፣ ከነአባቱ ስም ጠሩት። ‹ንዋይ ሰብስቤ፣ ናዝሬት› አሉ። ልጅሽ አለልሽ፣ እንኳን ደስ ያለሽ!»

እትዬ ሸዋዬ ግንባሯን ሳሙት፣ ጉንጯን ሳሙት። ለማንም ላይናገሩ የማሉትን መሐላ ያፈረሱት ለዚች ሴት ነው፤ እንደሳቸው የተቃጠለች እናት አንድ ቀን እንኳ ሳታውቅ እንዳታድር ብለው።

«እኔን አትይ» አሏት። «ቀናሁ ብል እግዜር ይታዘበኛል። ላንቺ ያሰማ አምላክ ለኔም አያንስም። አንድ ቀን የኔንም ይሉታል።»

ያኔ ጥሩነሽ ወደቀች። ጭቃው ላይ በደረቷ ተደፍታ የእትዬ ሸዋዬን እግር ይዛ ጮኸች፤ ያ የደስታ ጩኸት እንዳልሆነ ግቢው ውስጥ የምናውቅ እኔና እሷ ብቻ ነበርን። ቀና ስትል ዓይኔን አየችኝ። ምን እንዳነበበች አላውቅም፤ እኔ ግን ዓይኔን ወደ መሬት መለስኩ። እትዬ ሸዋዬ «ተነሺ ልጄ፣ ደስታ እንዲህ ነው፣ ያዞራል» እያሉ በነጠላቸው ፊቷን ይጠርጉላት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አቶ ሰብስቤ ሱቄ መጡ። አልጮኹም። የጥገና ወንበሬ ላይ ተቀመጡና አንዱን የመበየጃ ካውያ አንስተው አገላበጡት።

«ስንት ዓመትህ ነው ሰንበታ?»

«ሃያ ስምንት።»

«እስከ ሠላሳ ይዘመታል።» ካውያውን ቦታው መለሱ። «ለሚቀጥለው ዙር ከኛ ግቢ አንድ ሰው ይፈለጋል። ያ ሽቦ ዛሬ ይነቀል። የሰማኸውንም አልሰማህም።»

«እኔ ምን ሰማሁ?» አልኩ።

«ጎበዝ» አሉኝ።

ያንኑ ቀን መሰላል ተውሼ መንቀል ጀመርኩ። ከአቶ ፉፋ ቤት፣ ከዚያ ከጸሐፊው ቤት። በመጨረሻ የእትዬ ሸዋዬ ቤት ገባሁ። ካርቶኑ ሥር ዱካ አስቀምጠው ነበር፤ መቀመጫቸው ነው። ምክንያቱን ሲጠይቁኝ ቀበሌ ከለከለ አልኳቸው። ጥፋቱ የሳቸው መሰላቸው።

«ምላሴ ነው፤ ለጥሩዬ በመናገሬ ነው» አሉ። «አላስቻለኝም ሰንበታዬ። እናት ናት።»

ሽቦውን በጥርሴ ላጥኩት። አፌ ሥራ ስለያዘ መመለስ አላስፈለገኝም።

«የሙሉአለምን እስኪሉት ድረስ እንኳ ብትተውልኝ?»

ቆረጥኩት። ካርቶኑን ግን ግድግዳው ላይ ተዉልኝ አሉ፤ ተውኩላቸው። በሩን ዘግቼ ስወጣ ዱካው ላይ ተቀምጠው ወደሱ እያዩ ነበር።

ሠላሳ ዓመት ከሞላኝ በኋላስ? ያኔ ምን ከለከለህ ትሉኝ ይሆናል። እኔም ራሴን እላለሁ። ያልተነገረ ነገር ሲያድር ይከብዳል፤ በሁለት ዓመት ውስጥ አፌ ውስጥ ድንጋይ ሆኖ ነበር። መጀመሪያ ሰብስቤን ፈራሁ፣ ቀጥሎ እትዬ ሸዋዬን ፈራሁ። «እስካሁን የት ነበርክ?» ይሉኛላ።

በሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት የነፍስ አባታቸው «የልጁ ነፍስ አትንከራተት፣ ይበቃል፣ ተዝካሩን አውጪለት» ብለው መከሯቸው። ዕቁባቸውን አወጡ፣ የአንገታቸውን ወርቅ ሸጡ። ሙክቱን አቶ ሰብስቤ ሰጡ። ጥሩነሽ ሦስት ቀን ጓዳ ውስጥ ቆማ ሠራች፤ ቀና ሳትል። ሀብታም በሕይወት ሳለ ለራሱ የቁም ተዝካር ያወጣል፤ እሱንስ አውቃለሁ። ሰው ሳያውቅ የቁም ተዝካሩ ሲበላ ያየሁት ግን ያን ቀን ብቻ ነው። የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ሙክት ሰጠ፣ አንዷ ሠራች፣ አንዱ በላ።

አዎ፣ በላሁ። እምቢ ብል ምን ልል ነው? እትዬ ሸዋዬ ራሳቸው መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ጥቁር ለብሰዋል፣ ፀጉራቸውን ተላጭተዋል። አንድ ጉርሻ ጠቅልለው ወደ አፌ አመጡ።

«ብላልኝ ሰንበታዬ» አሉ። «አንተ እኮ የቻልከውን አድርገሃል። የኔን ባይሆን እንኳ የንዋይን አሰምተኸኛል።»

አፌን ከፍቼ ጎረስኩ።