ዴክ የበላው መጨረሻ

ቢሽን ሳሃይ የሚባለው የሕንድ አክተር የሞተ ዕለት ስልኬ ሁለት ጊዜ ጮኸ። መጀመሪያ የደወለው ኢስማዒል ነው፣ ከካምቤል። «ሺ ፊት ሞተ» አለኝ፤ የአባቱን መርዶ የሰማ ይመስል ነበር። ቀጥላ ኣሲያ ደወለች፣ ከኦክላንድ። የኢስማዒል ታናሽ ወንድም የኣሕመድ ልጅ ናት።

«አንክል ዓባይነህ፣ ነርሷ የቀረው ቱ ኦር ትሪ ዴይስ ነው ብላለች። ባባ ወንድሙን ብቻ ነው የሚጠይቀው። ፕሊዝ፣ ብሪንግ ሂም።»

ሁለቱ ወንድማማቾች በዚህ ስደት አገር በአንድ ሰዓት መንገድ ርቀት ላይ ነው የሚኖሩት። ከተነጋገሩ አርባ ዓመት ሆኗቸዋል። ለዚህ ደግሞ ተጠያቂው እኔ ነኝ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ግን ይህን የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ስለ አክተሩ ልናገር። ሺ ፊት ያልነው እኛ ነን፣ መርካቶ። ዳኛ ሆኖ ሲፈርድ አይተነዋል፣ ሌባ ሆኖ ሲፈረድበት አይተነዋል። ባሏ የሞተባት አሮጊት ሆኖ ሲያለቅስ ከኋላዬ የተቀመጠ ወያላ ነጠላ ተውሶ ዓይኑን ጠርጓል። የባቡር ትኬት ቆራጭ ልጅ ነበር አሉ፤ ሰውን ሁሉ መምሰል የሚችለውም ጣቢያ ላይ ተሳፋሪ እያየ ስላደገ ነው ይባላል። መቶ ሠላሳ ፊልም ሠርቶ፣ በመጨረሻ ጉሮሮውን ታሞ ድምፁ ጠፋ። የመጨረሻዎቹን ፊልሞች ፊቱን ብቻ ሠራ፤ የተናገረለት ሌላ ሰው ነው። እኔ ከዚያ ብዙ ዓመት ቀድሜ ጀምሬለት ነበር።

ይህ ማብራሪያ ይፈልጋል። በሰባዎቹ ውስጥ መርካቶ አንድ የቆርቆሮ ቪዲዮ ቤት ነበረ። አንድ ዴክ፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ ስምንት አግዳሚ ወንበር። ፊልሙ በሕንድኛ ነው። ስለዚህ ቴሌቪዥኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ያስፈልጋል። ባለቤቱ ሲቀጥረኝ «ሕንድኛ ትችላለህ?» አለኝ። «እችላለሁ» አልኩት። እሱም ስለማይችል ፈተናውን አለፍኩ።

ሥራው የራሱ ዘዴ ነበረው። ጠዋት ፊልሙን ለብቻዬ አያለሁ። እናት ካለቀሰች ልጇ ጠፍቷል። ባለ ሪዙ ሰውዬ ከሳቀ የሰው መሬት ሊቀማ ነው። ከዚያ ማታ አፋቸው ሲከፈት አፌን እከፍታለሁ፣ ሲዘጋ እዘጋለሁ። ዘፈን ላይ ተርጓሚ ሥራ የለውም፤ ሻይ እጠጣለሁ። ከሺ ፊት ፊልሞች አሥራ አራቱን እንዲህ ነው የሠራሁት።

አንዱ ላይ ሁለት ወንድማማቾች ሆኖ ይሠራል፤ ታላቁም ታናሹም እሱ ነው። ታላቁ ይታሰራል። ለምን እንደታሰረ አልገባኝም። ግን ከተመልካቹ ግማሹ ታስሮ የተፈታ ነበር፤ ስለዚህ የሚያውቁትን ሰጠኋቸው፦ ታናሹ ሲገረፍ የወንድሙን ስም አወጣ። ቤቱ ጸጥ አለ። ፊተኛው ወንበር ላይ ኢስማዒል ነበር፤ ሦስት ዓመት ታስሮ ከወጣ አራት ወሩ ነው። ኋለኛው ወንበር ላይ ኣሕመድ። የኢስማዒልን ስም ሲገረፍ ያወጣው እሱ ነው። ያኔ አንዳቸውንም አላውቃቸውም ነበር።

መጨረሻው ላይ ታላቁ ተፈትቶ ባቡር ጣቢያ ቆሟል፤ ታናሹ ከሩቅ እየሮጠ ይመጣል። እዚያ ላይ ዴኩ ካሴቱን በላው። ባለቤቱ ክዳኑን ከፍቶ ክሩን እንደ በግ አንጀት ሲጎትተው፣ ሕዝቡ «መጨረሻው! መጨረሻው!» እያለ ወንበር መነቅነቅ ጀመረ። ጠዋትም ካሴቱ እዚያ ሲደርስ መብራት ሄዶብኝ መጨረሻውን አላየሁትም። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ጥቁሩ ስክሪን ፊት ቆሜ፣ በሺ ፊት ድምፅ፣ እንዲህ አልኩ፦

«ዱላ አፉን የከፈተው ሰው፣ በዚያው አፍ ወንድሜ አይበለኝ!»

ጭብጨባ ሆነ። ፊተኛው ወንበር ላይ የነበረው ሰውዬ ተነስቶ ወደ ኋለኛው ወንበር አንድ ጊዜ አየና ወጣ። ሥራዬ ነክቶት ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ከአሥር ዓመት በኋላ ኦክላንድ፣ ዲኤምቪ፣ የመንጃ ፈቃድ ሰልፍ ላይ፣ ኢስማዒል በድምፄ ለየኝ። አቅፎኝ አለቀሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ላገኘው ሰው ሁሉ «የሺ ፊት ተርጓሚ» እያለ ያስተዋውቀኛል። ስለ ኣሕመድ ሽማግሌ በተላከበት ቁጥር ደግሞ መልሱ አንድ ነው፤ «የሺ ፊትን ቃል ሰምታችኋል» ይልና ያንን ዓረፍተ ነገር ይደግመዋል። በሦስተኛው ዙር ከሽማግሌዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። የራሴን ቃል ቁጭ ብዬ ሰምቼ፣ ሻዬን ጠጥቼ ወጣሁ።

ኣሕመድም ቃሉን ያውቀዋል። ካምቤል ሄዶ በር ያላንኳኳው ለዚህ ነው። በዒድ በዒድ ስልክ ይደውላል፤ አንዴ ከጠራ በኋላ ይዘጋዋል።

ሺ ፊት ዓርብ ሞተ። እሑድ ሳን ሆዜ ያለ አንድ የሕንዶች ሲኒማ ቤት ለመታሰቢያው ያንን የወንድማማቾቹን ፊልም ሊያሳይ ሆነ።

«ትወስደኛለህ» አለኝ ኢስማዒል በስልክ። «እንደ ድሮው አጠገቤ ተቀምጠህ ትተረጉምልኛለህ። የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ እንደሆነ ይሄ ሞራ የጋረደው ዓይኔ አይደርስበትም።»

«እሺ ጋሽ ኢስማዒል። ከዚያ ኣሕመድ ጋ እንሄዳለን፤ በጣም ታሟል።»

«ከዚያ ቤቴ ትመልሰኛለህ።»

እሑድ ጠዋት ኣሲያ ደወለች። ኣሕመድ መናገር አቁሟል፤ ግን ይሰማል። በር በተከፈተ ቁጥር ዓይኑን ያዞራል። «ሂ ኢዝ ዌይቲንግ፣ አንክል» አለችኝ። ፊልሙን ትቼ ኢስማዒልን በቀጥታ ኦክላንድ መውሰድ ነበረብኝ። ግን ምን ብዬ? ከካምቤል ሲኒማው ድረስ ሃያ ደቂቃ ነው። ሦስት ጊዜ ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ በሦስተኛው ማስቲካ አስገባሁበት።

ኢስማዒል ከረቫት አስሮ ነበር። «ለቀብሩ ነው» አለኝ።

ፊልሙ ጀመረ። ስልኬን ድምፁን አጠፋሁና በሹክሹክታ ጽሑፉን መተርጎም ያዝኩ። ከፊታችን የተቀመጠች ሴትዮ ዞራ «ሽሽ» አለችኝ፤ መርካቶ ቢሆን የሚያስወጧት እሷን ነበር። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የገባኝ ነገር፣ ያኔ የተናገርኩት በሙሉ ውሸት መሆኑ ነው። ማንም አልተገረፈም። ማንም ስም አላወጣም። ታናሹ ከባቡር ጣቢያው ካዝና ሰርቆ፣ ታላቁ «እኔ ነኝ» ብሎ በእሱ ፈንታ እስር ቤት ገብቶለት ነው። ይህን ለኢስማዒል አልነገርኩትም። የድሮውን፣ የራሴን፣ ደገምኩለት። ረክቶ ራሱን ይነቀንቃል።

እረፍት ሆነ። ስልኬን አየሁ፤ ኣሲያ ጽፋለች፣ ትንፋሹ ተለውጧል ትላለች። ኢስማዒል ሳምቡሳ አማረው፤ ተሰልፌ ገዛሁለት። ሰልፉ ላይ ሆኜ አሰብኩ፤ አሁን ብነግረው አያምነኝም። ሺ ፊት ግን ከእኔ ይበልጣል። መጨረሻውን እሱ ራሱ ይንገረው። አንድ ሰዓት ብቻ ነው የቀረው። የዕድሜ ልክ ስህተቴን ለሞተ ሰው አስረክቤ ሳምቡሳ ይዤ ተመለስኩ።

ከዚያ የሠርጉ ዘፈን መጣ። ሰባት ደቂቃ። ኢስማዒል በጣቱ ጉልበቱን እየመታ ያዜማል። ሻይ እንኳን አልነበረኝም።

ጣቢያው መጣ። ታናሹ ከሩቅ እየሮጠ ይመጣል። ዴክ የበላውን በአርባ ዓመቱ ለቀቀልን። ታናሹ ደርሶ የታላቁ እግር ላይ ተደፋ። ሁለቱም ሺ ፊት ናቸው፤ ያም ሆኖ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው ፊት ላይ እስር ቤት አለ፣ ሌላኛው ፊት ላይ ከእስር ቤት የከፋ ነገር። ታላቁ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ አነሳው።

«ምን አለ?» አለኝ ኢስማዒል።

ጽሑፉን አነበብኩለት። «ተነስ። በአንተ ፈንታ የታሰርኩት ተንበርክከህ ላይህ አይደለም ነው የሚለው።»

«እንዲህ አይልም።»

«እንዲህ ነው የሚለው ጋሽ ኢስማዒል። ተጽፏል።»

«እኔ ነበርኩኮ! ፊተኛው ወንበር ላይ ነበርኩ።» ወደ እኔ ዞሮ አዘነልኝ። «አርጅተሃል፣ ዓባይነህ። ድሮ ጥሩ ትተረጉም ነበር።»

ታቅፈው ሲላቀሱ ግን ይታየዋል። ለዚያ ዓይን አያስፈልግም፤ ቤቱ ሙሉ ሕንድ ነው የሚያለቅሰው። መብራት እስኪበራ አፍጥጦ ቀረ።

መኪናው ውስጥ ነገርኩት። ሕንድኛ እንደማልችል፣ መጨረሻውን እንዳላየሁት፣ ጥቁር ስክሪን ፊት እንደቆምኩ። ቀበቶውን አስሮ ፊት ለፊት እያየ ሰማኝ።

«ታዲያ ማነው ያለው?»

«እኔ ነኝ።»

«ስንት ዓመትህ ነበር?»

«ሃያ ሁለት።»

«ሃያ ሁለት» አለ። ከረቫቱን ፈታው። «ኣሕመድ ሲይዙት አሥራ ዘጠኝ ነበር። አሥራ ዘጠኝ። ምን ትጠብቃለህ? ንዳ እንጂ!»

ኤይት ኤይቲ የሚባለው አውራ ጎዳና እሑድም ሆኖ ተጨናንቋል። ፍሪሞንት ላይ ቆምን፣ ሄይዋርድ ላይ ቆምን። ኢስማዒል በቆምን ቁጥር ነዳጅ መስጫው እግሩ ሥር ያለ ይመስል ወለሉን ይረግጣል። የሚለውን ነገር ሲለማመድ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ምን እንደሚል አልሰማሁም። ስልኬን ድምፁን እንዳጠፋሁት ረስቼዋለሁ።

ኣሲያ በሩን ከፈተች። ስልኳን አንስታ አሳየችኝ፤ ሰባት ጊዜ ደውላለች። ያለፈበትን ሰዓት በእንግሊዝኛ ነገረችኝ። በልቤ ወደ ኋላ ቆጠርኩ። ዘፈኑ ላይ ነበርን።

ሳሎኑ መሃል በተዘረጋው የሆስፒታል አልጋ ላይ ኣሕመድ ወደ ቂብላ ዞሮ ተኝቷል፤ አገጩ በነጭ ጨርቅ ወደ ላይ ታስሯል። ኢስማዒል ወንበር ስቦ አጠገቡ ተቀመጠ። እጁን ያዘው። «አውፍ በለኝ» አለው። ሰው ለሰው ይቅር በለኝ የሚለው ነው። መልስ የሚጠብቅ ሰው እንደሚጠብቀው ጠበቀ። ከዚያ ጮክ ብሎ ጠራኝ።

«ተርጓሚ!»

«አቤት፣ ጋሽ ኢስማዒል።»

«አንተ ሳትሰማ መተርጎም ትችላለህ። ወንድሜ ምን አለ?»

«አንክል፣ ዶንት» አለች ኣሲያ ከበሩ ሥር። አማርኛውን ሁሉ ትሰማለች።

ይቅር ብሎሃል ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ድምፁንም መርጬለት ነበር። የኣሕመድን የታሰረ አፍ አየሁት።

«ለምን ቆየህ ነው የሚለው» አልኩ።

ኢስማዒል ራሱን ነቀነቀ።

«ይሄኛውን አልሳትከውም» አለ። ተነስቶ የሸሚዙን እጅጌ እስከ ክርኑ ይጠቀልል ጀመር። «አሁን ውጣልን። ወንድሜን የማጥበው እኔ ነኝ።»